ከመርጨት በፊት ቅጠሉን ገልብጡት



‹‹ኡስታዝ፣ ቲማቲሜን ዋግ መታው፤ ምን ልርጭበት?›› ክረምት በገባ ቁጥር ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። የተማሪዎቼ እናቶች ይጠይቁኛል፤ ጎረቤቶቼ ይጠይቁኛል፤ ከመስጂድ ስንወጣ ጫማቸውን እያጠለቁ የሚጠይቁኝ አባቶችም አሉ። የጠያቂዎቹ መብዛት አያስገርምም። በምንኖርበት በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በገርጂና በሰሚት፣ በሲ.ኤም.ሲ. እና በአያት፣ በጎሮና በቦሌ ቡልቡላ፣ ግቢ ያለው በግቢው ጥግ፣ ኮንዶሚኒየም የሚኖረው ደግሞ በረንዳው ላይ በባልዲ፣ በጆንያና በተቆረጠ ጀሪካን አትክልት ያለማል። በ2015 ዓ.ም. ‹‹የሌማት ትሩፋት›› መርሐ ግብር በአገር ደረጃ ከተጀመረ ወዲህ የከተማ ግብርና ወሬ በየቤቱ ገብቷል። ከሁሉ በላይ ግን የገበያው ዋጋ ራሱ ‹‹አብቅሉ›› ይላል።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚጀምርበት ቦታ ግን ልክ አይደለም። ልጅ ሲታመምብን ‹‹ምን መድኃኒት ልስጠው?›› ከማለታችን በፊት ‹‹ምኑን ነው የታመመው?›› ብለን እንጠይቃለን። ተክል ሲታመምብን ግን በቀጥታ ወደ መርጫው እንሮጣለን። አንዱ የነፍሳት መርዝ ገዝቶ ልጆቹ ማታ በሚበሉት ቆስጣ ላይ ይረጫል። ሌላው በረኪና በጥብጦ ያፈስበታል። ሦስተኛው ደግሞ ‹‹ወተትና ሶዳ ሁሉን ይፈውሳል›› የሚል ወሬ ሰምቶ፣ ክረምቱን ሙሉ ድንቹ ላይ ሲረጭ ከርሞ፣ ወተቱንም ድንቹንም ያጣል።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን በማጀታችን ያለው ነገር የቱን የፈንገስ በሽታ እንደሚከላከል፣ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ጉልበቱስ የት ላይ እንደሚያበቃ እንመለከታለን።

‹‹ዋግ›› የምንለው አንድ በሽታ አይደለም

በተለምዶ ቅጠሉ ተበላሽቶ ያየነውን ሁሉ ‹‹ዋግ መታው››፣ ‹‹ምች መታው›› ብለን እናልፋለን። ነገር ግን በጓሮአችን በብዛት የሚታዩት በሽታዎች ቢያንስ አራት ዓይነት ናቸው፤ መፍትሔአቸውም አንድ አይደለም።

አንደኛ፡- ነጭ ዱቄት የሚመስለው ነው። አመዳይ የሚሉትም አሉ። ዱባ፣ ዝኩኒ፣ ኪያርና ጽጌረዳ ላይ ይበዛል። በቅጠሉ የላይኛው ገጽ ላይ ፉርኖ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል፤ በጣት ሲጠረግም ይነሣል። የዚህ በሽታ ልዩ ጠባይ ለመብቀል የረጠበ ቅጠል አለመፈለጉ ነው። ስለዚህ በበጋ፣ ቀኑ ደረቅና ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ በሚሆንበት ወራት ይስፋፋል። የዱባው አመዳይ ወደ ጽጌረዳው አይሻገርም፤ እያንዳንዱ የራሱ ቤተሰብ ላይ ይቆያል።

ሁለተኛ፡- እውነተኛው ዋግ ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ባቄላ፣ ፎሶሊያና ጽጌረዳ ላይ ይወጣል። ቅጠሉ ላይ ብርቱካናማ ወይም ቡናማ፣ የዛገ ብረት የሚመስሉ ጥቃቅን እብጠቶች ይታያሉ። በጣት ሲነኩ ጣት ያቀልማሉ።

ሦስተኛ፡- የቅጠል ነጠብጣብ ነው። ቆስጣ ላይ መሐሉ ግራጫ፣ ዙሪያው ቀላ ያለ ክብ ነጥብ እየሆነ ይወጣል። ጽጌረዳ ላይ ደግሞ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ቅጠሉን አቢጭቶ ያረግፋል። ይህኛው የረጠበ ቅጠል ይፈልጋል።

አራተኛውና ከሁሉ የከፋው የድንችና የቲማቲም ጠላት ነው። ባለሙያዎች ሌት ብላይት ይሉታል። በቅጠሉ ጫፍ ወይም ጠርዝ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ጠቆር ያለ ቁስል ሆኖ ይጀምራል። በማለዳ ቅጠሉን ስትገለብጡት ከቁስሉ ጠርዝ ዙሪያ ስስ ነጭ ሽበት ታያላችሁ። ግንዱ ይጠቁራል፤ የቲማቲሙ ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ ቡናማ ሆኖ ይጠነክራል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተክሉ እንዳለ ይወድቃል።

ለመለየት የሚያስፈልገን መሣሪያ ዓይንና ጣት ብቻ ነው። ከላይ ያለና በጣት የሚጠረግ ነጭ ዱቄት ከሆነ አመዳይ ነው። ጣት የሚያቀልም ዝገት ከሆነ ዋግ ነው። ከላይ ጥቁር ቁስል፣ ከታች ነጭ ሽበት ከሆነ ግን የድንችና የቲማቲሙ ጠላት ነው። ‹‹ከመርጨት በፊት ቅጠሉን ገልብጡት›› የምንለውም ለዚሁ ነው።

በር ላይ የቆመና ቤት የገባ

የማጀት ርጭት አንዱን በሽታ ከልክሎ ሌላውን የማይነካው ለምንድን ነው? ምክንያቱ በሽታው ተክሉ ላይ የሚኖርበት ቦታ ነው።

አመዳይ አብዛኛው አካሉ ከቅጠሉ ውጭ ነው። በቅጠሉ ገጽ ላይ እንደ ድር ተዘርግቶ፣ ወደ ውስጥ የሚሰድደው ትንንሽ መምጠጫዎችን ብቻ ነው፤ እነርሱም ከላይኛው ቆዳ አያልፉም። ስለዚህ ገጹ ላይ የምንረጨው ነገር በቀጥታ ያገኘዋል። ጠላት በር ላይ ቆሟል፤ በሩ ላይ ልንመታው እንችላለን።

የድንቹ በሽታ ግን እንዲህ አይደለም። በዝናብና በነፋስ የሚመጣው ዘሩ እርጥብ ቅጠል ላይ ሲያርፍ በሰዓታት ውስጥ በቅሎ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሥራውን የሚሠራው በቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ነው። እኛ ቁስሉን ባየን ጊዜ እርሱ ከገባ ቀናት አልፈዋል። በገጹ ላይ የሚቀር ወተትም ሆነ ሶዳ እዚያ አይደርስበትም። ሌላም ነገር አለ። ይህ ተሕዋስ በመልኩና በአኗኗሩ ፈንገስ ቢመስልም ሊቃውንት ዛሬ ከእውነተኞቹ ፈንገሶች ለይተው በሌላ ወገን ይመድቡታል። ለአመዳይ የሠራው ለእርሱ አልሠራም ብሎ መደነቅ አይገባም።

የአዲስ አበባ ክረምትም ለእርሱ የተመቸ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በሐምሌና በነሐሴ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል፤ ቀኑም ከ20 ዲግሪ ብዙም አይርቅም፤ ቅጠል ከርጥበት የሚያርፍበት ሰዓት ጥቂት ነው። ብርድና ርጥበት አንድ ላይ ሲሆኑ ይህ በሽታ የሚፈልገው ሁሉ ተሟላለት ማለት ነው።

የዚህን ተሕዋስ ጉልበት ታሪክም ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1845 የአየርላንድን የድንች ማሳ መታ፤ እስከ 1852 በዘለቀው ረኃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰዎች አለቁ። በ1847 የዑስማኒያው ሱልጣን ዐብዱልመጂድ ቀዳማዊ ለረኃቡ መርጃ 1,000 ፓውንድ እንደላኩ፣ የአየርላንድ መኳንንትና ታዋቂ ሰዎችም የምስጋና ደብዳቤ እንደጻፉላቸው በታሪክ ተመዝግቧል። በዚያን ጊዜ የበሽታው ምንጭ ምን እንደሆነ ብዙዎች አልገባቸውም ነበር። ዛሬ ግን ምንጩን እናውቃለን፤ አለማወቅ ምክንያት አይሆነንም።

ከማጀት የሚዘጋጁ ሁለት ርጭቶች

አሁን ወደ ማጀታችን እንግባ። ከሚወሩት ብዙ ቅመማዎች ውስጥ በአግባቡ ተፈትነው ውጤት ያሳዩት ሁለቱ እነሆ። ሁለቱም በዋነኛነት የአመዳይ መከላከያ ናቸው።

1ኛ. የወተት ርጭት

እ.ኤ.አ. በ1999 ብራዚላዊው ተመራማሪ ዋግነር ቤቲዮል በግሪን ሃውስ ውስጥ ባለ ዝኩኒ ላይ የላም ወተት ረጭተው ያገኙትን ውጤት አሳተሙ። 10 በመቶና ከዚያ በላይ ወተት ያለበት ውሃ በየሳምንቱ ሲረጭ፣ አመዳይን በመከላከል ለንጽጽር ከቀረቡት የፋብሪካ መድኃኒቶች አላነሰም። በ2008 ደግሞ አጓት በዝኩኒና በኪያር ላይ ተሞክሮ ጥሩ ውጤት አሳየ።

አሠራሩ፡- አንድ ስኒ ወተት ከዘጠኝ ስኒ ውሃ ጋር ቀላቅሉ። በንጹሕ ጨርቅ አጥልላችሁ መርጫ ውስጥ ጨምሩ። በማለዳ፣ ፀሐይ መውጣት ስትጀምር፣ የቅጠሉን ላይም ታችም እስኪያረጥብ ርጩ። ጠዋት የሚረጨው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወተቱ ፈንገሱን የሚጎዳው ፀሐይ ሲያገኘው እንደሆነ ይታመናል። በየሳምንቱ መደገም አለበት። የተረፈውን አታሳድሩት፤ ይሸታል። ወተቱን ከልክ በላይ ማብዛትም ቅጠሉ ላይ ሌላ ሻጋታ ይጋብዛል።

‹‹ልጅ የሚጠጣውን ወተት እንዴት ለዱባ እንረጫለን?›› የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ልክ ናችሁ። ከልጅ አፍ ነጥቀን አንረጭም። አይብ የምታወጣ እናት ግን አጓቱን ባታፈሰው፣ የወተት ዕቃ እጣቢውንም ባትደፋው ይጠቅማታል። እጣቢው መጠኑ ስለማይታወቅ እንደ ተጨማሪ እንጂ እንደ ዋና መከላከያ አይቆጠርም።

2ኛ. የሶዳ ርጭት

በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ሆርስትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት በጽጌረዳ ላይ ቤኪንግ ሶዳን ከስስ ዘይት ጋር ቀላቅለው ሞክረው፣ አመዳይንና ጥቁር ነጠብጣብን እንደሚቀንስ አሳዩ። ዘይቱ ሶዳው ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ እንዲቆይ ያደርገዋል፤ ያለ እርሱ የሶዳው ጥቅም ያንሳል።

አሠራሩ፡- ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይትና ሦስት አራት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና። ሳሙናው ዘይቱን ከውሃው ጋር ያስማማል። ሁለት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ አንድ ሊትር ነው፤ ሌላ መለኪያ አያስፈልግም። በሚገባ በጥብጣችሁ፣ እየነቀነቃችሁ ርጩ። ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ ይበቃል።

እዚህ ላይ አራት ማስጠንቀቂያዎች አሉ።

ሀ) ቤኪንግ ሶዳና ቤኪንግ ፓውደር አንድ አይደሉም። ፓውደሩ ውስጥ አሲድና ስታርች ስላለ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሱቅ ስትልኩ ልጁን አስጠንቅቁት፤ ማሸጊያውንም አንብቡ።

ለ) ‹‹ትንሽ ከበጀኝ ብዙ ይበጀኛል›› አይባልም። ሶዳው ሲበዛ የቅጠሉን ጠርዝ ያቃጥላል። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቅጠል ላይ ብቻ ርጩና ሁለት ቀን ጠብቁ። በቀትር ፀሐይና ውሃ በጠማው ተክል ላይ ፈጽሞ አትርጩ።

ሐ) ሶዳ ውስጥ ሶዲየም አለ፤ እርሱም የጨው ወገን ነው። በሰፊ መሬት ላይ ዝናብ ያጥበዋል፤ በበረንዳ ላይ ባለ ባልዲና ጆንያ ግን መውጫ ስለሌለው ይጠራቀማል፤ አፈሩንም ያበላሻል። የበረንዳ አትክልት ላይ ስትረጩ አፈሩን በፕላስቲክ ሸፍኑት።

መ) ሶዳን ከአቼቶ ጋር አትቀላቅሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ይፈላሉ፤ ኃይል የጨመረ ይመስላል። እውነቱ ግን አሲዱና ቤዙ ተጠፋፍተው ሁለቱም ከሥራ ውጭ መሆናቸው ነው። ይህን ማንኛውም የኬሚስትሪ ተማሪ ሊነግራችሁ ይችላል።

ሁለቱም ርጭቶች መከላከያ እንጂ ማዳኛ አለመሆናቸውን አንዘንጋ። የነጣውን ቅጠል መልሰው አረንጓዴ አያደርጉትም፤ የሚጠብቁት ያልተያዘውን ነው። ስለዚህ ጊዜው የመጀመሪያዋ ነጭ ነጥብ በታየችበት ዕለት ነው። ዱባው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ከለበሰ በኋላ የሚረጭ ወተት ወተት ማባከን ነው።

ዋግንና የቆስጣ ነጠብጣብን በተመለከተ ደግሞ ከሁለቱም ርጭቶች ብዙ አትጠብቁ። ቀዳሚው መፍትሔ የታመሙትን ቅጠሎች ቀድሞ መቁረጥና ቅጠል አለማርጠብ ነው።

የማይረዱና የሚጎዱ

ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦና ተዘፍዝፎ ሲረጭ ‹‹ፈንገስ ይገድላል›› ይባላል። ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ቅመም በቤተ ሙከራ ፈንገስን መግታቱ እውነት ነው። ነገር ግን ያ ቅመም ቶሎ የሚበላሽ ስለሆነ ሜዳ ላይ ጉልበቱ አይቆይም። አይጎዳም፤ አትተማመኑበት። አመድም እንዲሁ ነው፤ ለአፈሩ ፖታሽየም ይሰጣል፤ ቅጠል ላይ ተነስንሶ የድንችን በሽታ ያቆማል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

በረኪና ግን ይጎዳል። ቅጠሉን ያቃጥላል፤ አፈሩ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ተሕዋስያን ይገድላል። ከአቼቶ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ መርዛም ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ በረንዳ ወይም በመታጠቢያ ክፍል ውስጥ ይህን መሞከር ለነፍስ ያሰጋል። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙናም ቅጠል ያቃጥላል።

የነፍሳት መርዝ ለፈንገስ የሚረጩም አሉ። የነፍሳት መርዝ ነፍሳትን እንጂ ፈንገስን አይገድልም። ይህን ያደረገ ሰው በሽታውን አልነካም፤ መርዙን ግን ወደ ማዕዱ አምጥቷል።

ለድንችና ለቲማቲም የሚበጀው

ማጀታችን ለዚህ በሽታ ርጭት ከሌለው ምን እናድርግ? መልሱ ውሃውና ጊዜው ላይ ነው። ይህ በሽታ ወደ ቅጠሉ የሚገባው ቅጠሉ ረጥቦ ሲቆይ ነው፤ ቅጠሉ ደረቅ ከሆነ በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

1. ሥሩን አጠጡ፤ ቅጠሉን አታርጥቡ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ብዙ ቤተሰብ የውዱእ ውሃ በሳፋ አጠራቅሞ አትክልት ያጠጣል፤ መልካም ልማድ ነው። ሰዓቱን ግን ልብ በሉ። የሱብሒ ውዱእ ውሃ በማለዳ ሥሩ ላይ ቢፈስስ ጥሩ ነው፤ ቅጠል ቢነካም ፀሐይ ታደርቀዋለች። የመግሪቡና የዒሻው ውሃ ግን ቅጠሉ ላይ ከተደፋ ሌሊቱን ሙሉ እንደረጠበ ያድራል፤ በሽታውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የማታውን ውሃ አሳድሩት፤ ጠዋት አጠጡት።

2. ቲማቲሙን ከዝናብ አስጠልሉት። በረንዳ ላይ ያለ ቲማቲም ጣሪያ ሥር ከሆነ ግቢ ውስጥ ካለው ይልቅ የሚተርፈው ዝናብ ቅጠሉን ስለማያገኘው ነው። ግቢ ያላችሁ በአራት እንጨት ላይ ላስቲክ ወጥሩ፤ ነፋስ እንዲገባ ጎኑን ክፍት ተዉት። ይህች ላስቲክ ከማንኛውም የማጀት ርጭት ትበልጣለች።

3. አራርቃችሁ ትከሉ፤ በእንጨት ደግፋችሁ አቁሙ፤ መሬት የሚነኩትን የታች ቅጠሎች ቁረጡ። ነፋስ የሚያልፍበት ተክል ቶሎ ይደርቃል።

4. ድንች የነበረበት ላይ ቲማቲም፣ ቲማቲም የነበረበት ላይ ድንች አትከታትሉ፤ አንድ ጠላት ነው ያላቸው። ካለፈው ዓመት ቀርቶ በራሱ የሚበቅለውን ድንች ንቀሉ፤ በሽታው የሚከርመው በእርሱ ውስጥ ነው።

5. ወቅቱን ምረጡ። ብዙ የደጋ ገበሬዎች ድንችን በበልግ ወይም በመስኖ የሚተክሉት የክረምቱን በሽታ ለመሸሽ ነው።

6. ዘሩን ምረጡ። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ይህን በሽታ የሚቋቋሙ የድንች ዝርያዎችን ለማውጣት ብዙ ደክሟል። ጃለኔ እ.ኤ.አ. በ2002፣ ጉደኔ በ2006፣ በለጠ በ2009 ተለቀዋል። ከገበያ የተገዛ የወጥ ድንች ከመትከል ከታወቀ ምንጭ የመጣ የእነዚህን ዝርያ ዘር መፈለግ ይሻላል።

7. በሽታው ከገባ ፈጥናችሁ ቁረጡ። የታመመውን ቅጠል በደረቅ ሰዓት ቆርጣችሁ በፌስታል ቋጥሩ፣ ወይም ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩ። ኮምፖስት ውስጥ አትጣሉት። ሙሉ ተክሉ ከተያዘ ማዘን ቢኖርም መንቀል ይሻላል፤ ለጎረቤት ግቢ የበሽታ ምንጭ መሆን የለበትምና።

የሱቅ መድኃኒት ግድ ሲሆን

ሁሉን አድርገን በሽታው ቢያሸንፈንስ? ከሱቅ የሚገዛ የፈንገስ መድኃኒት አለ። ከእነዚህ ውስጥ የመዳብ ወገኖች ዕድሜያቸው ረጅም ነው። በፈረንሳይ የቦርዶ አካባቢ ገበሬዎች መንገደኛ ወይናቸውን እንዳይለቅምባቸው በመንገድ ዳር ባለው ላይ መዳብና ኖራ ይረጩ ነበር። ሚላርዴ የተባሉት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1882 ያ የተረጨው ወይን ከበሽታ መትረፉን አስተዋሉ፤ በ1885ም ውሁዱን ለዓለም አሳወቁ። የመዳብ መድኃኒት ግን እርሱም አስቀድሞ የሚረጭ መከላከያ ነው፤ አፈር ውስጥም ይጠራቀማል።

በአገራችን በሰፊው የሚታወቀው ማንኮዜብ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በጤና ስጋት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ፈቃዱን ላለማደስ ወስኗል። ይህ በራሱ በየጓሮአችን ልንረጨው የሚገባ ነገር ነው ወይ ብለን እንድናስብ ያደርገናል።

መግዛት ግድ ከሆነ እነዚህን አትለፉ፡-

- የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ስለዚህ ከነማሸጊያውና ከነጽሑፉ ግዙ፤ በፌስታል የተቋጠረ ዱቄት አትቀበሉ።

- ከተረጨ ስንት ቀን በኋላ መልቀም እንደሚቻል ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ቆስጣና ሰላጣ በየሁለት ቀኑ የሚቀጠፉ ስለሆኑ ያን ያህል ቀን መታገሥ የማይችል ቤተሰብ ባይረጭ ይሻላል።

- የተረፈውን በሃይላንድ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡ። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ቁልፍ ባለው ቦታ፣ በራሱ ዕቃ ይቀመጥ።

- ጓንት አድርጉ፤ አፍና አፍንጫ ሸፍኑ፤ ነፋስ ባለበት ሰዓት አትርጩ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከእኛ በታች ባለው በረንዳ ላይ የጎረቤት ልብስ ተሰጥቶ፣ በርበሬ ተሰጥቶ፣ ልጅ ቁጭ ብሎ ሊሆን ይችላል። የጎረቤት ሐቅ በርጭትም ይጠየቃል።

ለልጆች የሚሰጥ ሥራ

በመጨረሻ ወላጆችን አንድ ነገር ላሳስብ። ይህን ሁሉ ከእኔ ሰምታችሁ ብቻ አትቀበሉት፤ ከልጆቻችሁ ጋር ፈትኑት። አራት የዱባ ወይም የኪያር ተክል ካላችሁ ሁለቱን በወተቱ ርጩ፣ ሁለቱን በንጹሕ ውሃ ብቻ ርጩ፤ ውሃቸውም ፀሐያቸውም እኩል ይሁን። ልጁ በየሳምንቱ ጁሙዓ ዕለት ነጭ የሆኑትን ቅጠሎች ቆጥሮ በደብተሩ ይጻፍ። ከአንድ ወር በኋላ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ልጁ በዚህ ከአትክልቱ የሚበልጥ ትምህርት ያገኛል፤ ‹‹ይሠራል ተባለ›› እና ‹‹ሲሠራ አየሁ›› የተለያዩ መሆናቸውን ይማራል።

ነገራችንን ስናጠቃልል፡- ነጭ ዱቄት ካያችሁ ወተትና ሶዳ አላችሁ፤ በጊዜ ጀምሩ፣ በልክ ርጩ። ዝገትና ነጠብጣብ ካያችሁ መቀስ አንሡ፤ ውሃውን ከቅጠሉ አርቁ። ድንችና ቲማቲም ላይ ጥቁር ቁስልና ነጭ ሽበት ካያችሁ ግን ማጀት አትግቡ፤ ቅጠሉን ቁረጡ፣ ጣሪያ ሥሩ፣ ለከርሞም ዘርና ወቅት ምረጡ። ይህን ለመለየት የሚፈጀው ጊዜ አንድ ቅጠል ገልብጦ ለማየት የሚበቃ ነው።

አላህ የዘራችሁትን ያብቅልላችሁ፤ በልጆቻችሁ ማዕድ ላይም በረካውን ያድርግ። ጥያቄ ያላችሁ እንደተለመደው ጻፉልን። በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ እስክንገናኝ ቸር ያሰንብተን።